ካስት ወይስ ፎርጅድ? ለድሬ ሙቀትና ለደንገጎ ዳገት የሚሆን ፒስተንና ቢዬላ

ድሬ ውስጥ ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ሊያስገጥም ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፒስተን ነው። ይጠይቅ፣ ግን ፒስተኑን ከሚዞረው የሞተር ዘንግ ጋር የሚያያይዘውን ቢዬላም አይርሳ።

ካስት ፒስተን የቀለጠ አሉሚኒየም ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚወጣ ነው። አብዛኛው የቤት መኪና ከፋብሪካ የሚመጣው በዚህ ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ ሲሞቅም ብዙ አይሰፋም። ስለዚህ ካሚቻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር) ውስጥ ጠበብ ብሎ ይገጠማል፣ ድምፅም አያሰማም። ችግሩ ተሰባሪነቱ ነው። ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን ደንገጎን ጭነህ ስትወጣ፣ የሚገባው አየርም ትኩስ ሲሆን፣ ቤንዚኑ ከሰዓቱ ውጪ መፈንዳት ይጀምራል። ያኔ በፋሻዎቹ (ፒስተኑን በሚከቡት ቀለበቶች) መካከል ያለው የፒስተኑ ጠርዝ ይሰነጠቃል። ቱርቦ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ፎርጅድ የጋለ አሉሚኒየም በከባድ ፕሬስ ተጨፍልቆ የተሠራ ነው። ውስጡ ጥቅጥቅ ስላለ ምቱን ይችላል። ግን አቦ፣ "ፎርጅድ ነው" ሲሉህ ብቻ ገንዘብህን አታውጣ! 4032 ነው ወይስ 2618 ብለህ ጠይቅ፤ የአሉሚኒየሙ ቅይጥ መለያ ቁጥሮች ናቸው። 4032 ውስጥ 12 በመቶ ገደማ ሲሊከን አለ። ብዙ አይሰፋም፣ ለዕለት ተዕለት ሥራም ይመቻል። 2618 ሲሊከን የለውም ማለት ይቻላል። ከሁሉም ይጠነክራል፣ ግን በጣም ስለሚሰፋ ላላ ተደርጎ ነው የሚገጠመው። ሞተሩ እስኪሞቅ ይንኳኳል፣ ቶሎም ይበላል። ድሬ ላይ ጠዋቱም ሞቃት ስለሆነ ድምፁ ቶሎ ይጠፋል። የሐረር ጠዋት ግን ቀዝቃዛ ነው።

የኔ ምርጫ? ያለ ቱርቦ ለሚነዳ፣ ኦሪጅናል ካስት ይበቃል፣ የተረፈውን ብር ራዲያተር ላይ ያውለው። መጠነኛ ቱርቦ አስገጥሞ ሥራም ገበያም ለሚሄድበት 4032። 2618ን ለውድድር መኪና ተወው።

አሁን ቢዬላ። ፒስተን ቢሰነጠቅ ሞተሩ ይታደሳል። ቢዬላ ከተበጠሰ ብሎኩን በስቶ ይወጣል፣ አለቀ። ቢዬላውን የሚጎትተው ኃይል ከዙሩ ጋር እኩል አይጨምርም። የሞተሩን ዙር በደቂቃ ከ6,000 ወደ 7,200 ብታወጣው ፍጥነቱ 20 በመቶ ነው የጨመረው፣ ጉተታው ግን 44 በመቶ ይጨምራል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሸነፈው የቢዬላው ብሎን ነው።

ብዙ የፋብሪካ ቢዬላዎች ራሳቸው ፎርጅድ ብረት ናቸው። ዙሩን ትንሽ ብቻ ከፍ ለሚያደርግ ሰው ጠንካራ ብሎን መቀየር ሊበቃው ይችላል። ሲቀይር ግን የቢዬላው ታችኛ ቀለበት ክቡ እንዳልተዛባ ቶርኖ ቤት ያስለካ፤ አዲስ ብሎን ሲጠብቅ ቅርጹን ያዛባዋል። ቱርቦው ብዙ የሚገፋ ከሆነ ግን በብሎን አይሸወድ። ክብደታቸው እኩል የሆነ ሙሉ የፎርጅድ ቢዬላ ስብስብ ይግዛ።

ፒስተኑ እጅህ ሳይገባ ካሚቻውን አታስበሳ። በፒስተኑና በካሚቻው መካከል ያለው ክፍተት እንደ ፒስተኑ ይለያያል፣ ልኩም አብሮት በሚመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ወረቀቱን ከፒስተኑ ጋር ለቶርኖው ባለሙያ ስጠው።