ጂሲሲ 14ን ለፖስትግሬስ ሞከርኩት፣ ወደ ድሮው አልመለስም

ደብረ ማርቆስ ላይ የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ዳታቤዝ የምንይዘው እኛ ነን። ፖስትግሬስ 17 የሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው፣ ከሶርስ ኮዱ ራሳችን በጂሲሲ ቢልድ እናደርገዋለን፤ ጂሲሲ በሲ የተጻፈ ኮድን ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚቀይር ኮምፓይለር ነው። ከላዩ ደግሞ በሲ የጻፍነው ትንሽ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍል አለ፤ ስም ሲፈለግ ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን አንድ ያደርጋል። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበው ሰውዬ «ሀይሉ» ተብሎ ቢፈለግም ይመጣል። ያለሱ መሥራት አይቻልም፣ አንዱ ስም በየደብተሩ በየፊደሉ ነው የተጻፈው።

ችግሩ ዳታቤዙ አንዳንዴ ድንገት ይወድቃል። ፖስትግሬስ ላይ አንድ ፕሮሰስ እንዲህ ሲሞት ዋናው ፕሮሰስ የሁሉንም ግንኙነት ቆርጦ ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ በገበያ ቀን ሰው ተሰልፎ እያለ ሦስቱም ገንዘብ ያዦች በአንዴ ከሲስተሙ ይወጣሉ። «ወንድሜ፣ ዛሬም ጠፋብን» የሚለው ስልክ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ራም ሁሉ ቀይረናል።

ሰርቨራችን ሮኪ ሊኑክስ 9 ነው፣ ይዞት የሚመጣው ጂሲሲ 11 ነው። ጂሲሲ ቱልሴት 14 የሚባለውን ፓኬጅ ማታ ኔት ሲሻል አወረድኩት። ደስ የሚለው ከሲስተሙ ኮምፓይለር ጎን ለብቻው ይቀመጣል፣ የድሮውን አይነካም። በሱ የተሠራውን ፕሮግራም ደግሞ ቱልሴቱ የሌለበት ሰርቨር ላይ ወስዳችሁ ማስኬድ ትችላላችሁ።

ፖስትግሬስ ራሱ ያለ ጣጣ አለፈ፣ ቴስቶቹም በሙሉ። የኛ ኤክስቴንሽን ግን ገና ከመጀመሪያው ፋይል አላልፍም አለ። ከፖስትግሬስ የምንጠራው፣ ቴክስቱን ወደ ሲ ስትሪንግ የሚቀይረው ፈንክሽን አልታወቀም ይላል። ለካ ፈንክሽኑን ለኮምፓይለሩ የሚያስተዋውቀውን ሄደር ፋይል ሳናስገባ ነው ስንጠራው የኖርነው! ጂሲሲ 11 ይህን በዋርኒንግ ብቻ ያልፈዋል፤ ፈንክሽኑ ኢንት፣ ማለትም 4 ባይት ቁጥር ይመልሳል ብሎ ይገምትና 8 ባይት የሆነውን አድራሻ ወደ 4 ባይት ይቆርጠዋል። የስልክ ቁጥር ግማሹን ይዞ እንደመደወል ነው። ያቺ መስመር የምትነካው ደግሞ ስሙ ተለያይቶ ሲጻፍ ብቻ ነበር፣ «ገብረ መድኅን» ዓይነቱ፣ ለዚህ ነው ምክንያቱ ጠፍቶን የከረመው። አንድ መስመር ጨመርን፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ያ ስልክ አልተደወለም።

ጂሲሲ 14 ይህን ስህተት ከዋርኒንግ ወደ ኤረር ማሳደጉ ለኔ ትልቁ ነገር ነው። ኤረሩን መልሶ ዋርኒንግ የሚያደርግ ፐርሚሲቭ የሚባል ኦፕሽን አለው፣ ብዙ ሰው ቶሎ ለመገላገል እሱን ይጨምራል። እባካችሁ አትንኩት።

የሚያናድደው አዲስ ተርሚናል በከፈታችሁ ቁጥር ቱልሴቱን ማስነሳት አለባችሁ። እኔ ረስቼ ሁለት ጊዜ በ11 ቢልድ አድርጌያለሁ፣ አሁን ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ አስገብቼዋለሁ። ፍጥነት ላይ ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላየሁም። መብራት መሀል ላይ ከሄደ ባዶ ኦብጀክት ፋይል ሊቀር ይችላል፣ ያኔ አጽድታችሁ እንደገና ጀምሩ፤ ይሄ ግን የኮምፓይለሩ ጥፋት አይደለም።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። ዳታ አጥሯችሁ ማውረድ ካልቻላችሁ ደግሞ ባላችሁበት ጂሲሲ 11 ላይ ያልታወጀ ፈንክሽን የሚለውን አንዷን ዋርኒንግ ብቻ ወደ ኤረር ቀይሯትና ኮዳችሁን ዛሬውኑ አሳልፉት።