የሰፈራችንን አዳራሽ ላስከፈተችልን እህት

ሰላም ወገኖች፣ ይሄን ፖስት ለመጻፍ ካሰብኩ ሰነባብቻለሁ፣ ዛሬ ግን ልጄ የቤት ስራውን ጨርሶ "ነገም ቶሎ እንሂድ" ሲለኝ አላስቻለኝም።

እኛ ሰፈር ቤቱ ጠባብ ነው፣ አምስት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ነን፣ ልጅ የሚያጠናው አልጋ ላይ በደረቱ ተኝቶ ነው፣ ትንሿ ካለቀሰች ጥናት የሚባል ነገር የለም። አዳራሽ አልነበረንም እንዳልል ነበረን፣ ግን ስብሰባ ካልተጠራ አይከፈትም፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እንኳን አናውቅም ነበር።

አስተባባሪ ሆና የመጣችው ልጅ (ስሟን የማልጽፈው "ስሜን እንዳትጽፊ" ስላለችኝ ነው) ፕሮግራም አውጥታ ግድግዳ ላይ አልለጠፈችም። ቤት ለቤት ዞራ "በስንት ሰዓት ቢከፈት ይመቻችኋል" ብላ ጠየቀችን። ከስራ የምንገባው ማታ ነው አልን፣ ማታ ተከፈተ። ከዛ ቁልፉን አስቀርጻ ለአራት ነዋሪ ሰጠች፣ አንዱ እኔ ጋ ነው፣ በቀይ ክር አስሬ አንገቴ ላይ ነው የማደርገው። እቃ ይጠፋል ያሉ ነበሩ፣ እስካሁን አንድ ወንበር አልጎደለም።

በር ላይ ፎርም ሙሉ፣ መታወቂያ አምጡ፣ ምን ፈልጋችሁ ነው የሚባል ነገር የለም። ችግራችንን ለማንም ሳናስረዳ የምንገባበት ቦታ ከዚህ በፊት አልነበረንም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሰው የራቀች ጎረቤቴ መጀመሪያ ሰሞን መስኮቱ ጋ ዝም ብላ ተቀምጣ ትሄድ ነበር፣ አሁን እዛው መስኮት ስር ልጆች ከበዋት ታስነብባቸዋለች።

ይሄን ሀሳብ ከየት አመጣሽው ስላት ስለ ሀል ሀውስ ነገረችኝ። ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር የሚባሉ ሁለት ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1889 አሜሪካ፣ ቺካጎ ውስጥ፣ ስደተኛ በሚበዛበት የድሆች ሰፈር ገብተው እዛው እየኖሩ የከፈቱት ቤት ነው፣ መዋእለ ህጻናት ከመጀመሪያ ስራዎቻቸው አንዱ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ የሰፈሩ ችግር የገባቸው እዛው ስለኖሩ ነው።

ተቆልፎ የተቀመጠ አዳራሽ ያላችሁ፣ ወይ ማህበር ኖሯችሁ ከየት እንጀምር የምትሉ፣ ይችን ልጅ አማክሯት፣ እሺ ብላኛለች፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ አገናኛችኋለሁ። ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ሰዓቱን ነዋሪውን ጠይቁ ነው የምትላችሁ።

እህቴ፣ ፈጣሪ እድሜና ጤና ይስጥሽ። ነገ ተረኛዋ እኔ ነኝ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ እከፍታለሁ።