ሐዋሳ አሞራ ገደል ከልጆች ጋር፦ የወደድነውና ቢስተካከል የምንለው

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከውጭ ለእረፍት የምትመጡ ከሆነ ለሐዋሳ ቀን መድቡላት። እኛ የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። ልጆቼ እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው። አገር ቤት ካዩት ሁሉ እስካሁን ከአፋቸው ያልጠፋው አሞራ ገደል ነው። ስለዚህ በጉዟችን ስላገኘነው አገልግሎት የወደድኩትንም የከፋኝንም ልጻፍላችሁ።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መኪና ከነሹፌሩ ተከራይተን፣ እናቴንም ይዘን ሄድን። ሹፌሩ ሰው አክባሪ ነው። ልጆቹ ሲደክማቸው ሳንነግረው ያቆምልን ነበር።

አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ያለ የዓሣ ገበያ ነው። በር ላይ መግቢያ ይከፈላል። ሂዱ ከተባለ በጠዋት ነው መሄድ። ሌሊቱን መረብ ላይ ያደሩት ጀልባዎች ቆሮሶውንና አምባዛውን ይዘው የሚገቡት ያኔ ነው። ወጣቶቹ ተደርድረው ቁጭ ይሉና ዓሣውን ይበልታሉ። እጃቸው ሲፈጥን ለጉድ ነው። ከኋላቸው ደግሞ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

አባ ኮዳን በቅርብ ላላየ ልጅ ያስደነግጣል። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ከትንሿ ልጄ ይበልጣል። ራሱና አንገቱ መላጣ ነው። «ለምን ላባ የለውም?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥንብም ስለሚበላ ነው። ላባ ቢኖረው ደም እየተጋገረበት ማጽዳት ይቸግረው ነበር።

አንድ ዓሣ የሚበልት ወጣት ትራፊ ጭንቅላትና አንጀት በላስቲክ አድርጎ ለልጄ ሰጣት። «በእጅሽ አታቀብዪው እሺ የኔ ቆንጆ፤ ወርውሪለት። ምንቃሩ ኃይለኛ ነው» አላት። አጠገቧ ቆሞ እንዴት እንደሚወረወር አሳያት። ወፉ የዓሣውን ጭንቅላት ከነአጥንቱ ዋጥ ሲያደርገው ልጄ ጮኸች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ «ሌላ!» አለች። ወጣቱ ሥራውን ትቶ ልጆቼን ማስተማሩ ልቤን ነካው። ገንዘብ አልጠየቀንም። ስንሰጠው ግን ደስ ብሎት ተቀበለ። እናንተም እንደ አቅማችሁ ስጡ፤ ጊዜውን ነው የሚሰጣችሁ። ለኔ የአሞራ ገደል ትልቁ አገልግሎት ይሄ ነው። እንስሳውን የሚያውቅ ሰው ከልጁ አጠገብ ይቆማል።

ትራፊውም ቢሆን ወፎቹ ድሮም የሚበሉት ነገር ስለሆነ ቅር አላለኝም።

ዛፎቹ ሥር ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። እዚያ ጦጣና ጉሬዛ አለ። ሁለቱም ሰው ለምደዋል። ኦቾሎኒ፣ ብስኩትና ሙዝ የሚሸጡ ልጆች ይከቡሃል፤ ጎብኚው ይገዛና ይሰጣል። ጦጣዋ ጉንጯ ውስጥ እንደ ኪስ የሚያገለግል ቦታ ስላላት ኦቾሎኒውን ወጥራ ትሄዳለች። ለልጅ በጣም ያስቃል። ችግሩ የሚመጣው ምግቡ ሲያልቅ ነው። አንዷ የአንድ ሕፃን ብስኩት ከእጁ ነጥቃ ሄደች። ሕፃኑ በድንጋጤ አለቀሰ። ጣቱን ነክሳው ቢሆንስ? ጦጣ ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም።

የጉሬዛው ነገር ይብሳል። ጉሬዛ በዋናነት ቅጠል በል ነው። ሆዱ ክፍልፋይ አለው፤ ቅጠሉን እያብላላ ቀስ ብሎ ይፈጫል። ዳቦና ጣፋጭ ነገር ሲገባበት ሆዱ ይቃወሳል። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው ሙዙን ራሳቸው ወደ ቦርሳ መለሱት። ከዚያ በኋላ ዛፉ ሥር ተቀምጠን ዝም ብለን አየን። አንዷ እናት ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ግልገል አቅፋ ነበር። ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ የሚመጣው ወራት ቆይቶ ነው። ወንዱ ልጄ ደግሞ ጉሬዛዎቹ አውራ ጣት እንደሌላቸው ራሱ ቆጥሮ ደረሰበት። ምንም ሳይመግቡ ያሳለፉት ያ ሰዓት ከሁሉ የበለጠ ነበር።

እኛ በምንኖርበት አካባቢ ልጆች እንስሳ የሚመግቡባቸው መናፈሻዎች አሉ። ለእንስሳው የሚሆነውን መኖ ራሱ መናፈሻው ይሸጣል፤ ከቤት የመጣ አይፈቀድም። አሞራ ገደልም ይህን ማድረግ ይችላል። ብስኩት የሚሸጡትን ልጆች ማባረር ሳይሆን፣ ስለ ጉሬዛውና ስለ ጦጣው አስረጂ ሆነው ቢሠለጥኑ እኔ ከብስኩቱ እጥፍ እከፍላቸዋለሁ።

ያረፍንበት ሆቴል ክፍሉ ንጹሕ፣ ሠራተኛው ትሁት ነው። ነገር ግን ቁርስ ላይ ጦጦች ጠረጴዛ ላይ እየወጡ ዳቦ ሲያነሱ፣ አስተናጋጁ ራሱ ለፎቶ ብሎ ሙዝ ያቀብላቸው ነበር። ከዚያ ደግሞ በዱላ ያባርራቸዋል። ይህን ለኃላፊው ነገርኩት። አዳመጠኝ፤ እንደሚሠራበት ተስፋ አደርጋለሁ።

ጀልባም ተሳፍረን ጉማሬ አየን። እዚህ ላይ ጥብቅ ምክር አለኝ። ሳትሳፈሩ ዋጋውን ጨርሱ፤ ለየልጁ ልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት ካልተሰጣችሁ አትሳፈሩ። የኛ ጀልባ ነጂ ጉማሬዎቹን በደንብ እንድናይ ብሎ በጣም ተጠጋ። እናቴ «ልጄ፣ በማርያም ይብቃን፣ መልሰን» ስትለው ነው የተመለሰው። ጉማሬ ከተቆጣ ጀልባ ይገለብጣል። ራቅ ብሎ መጠበቅ ይበቃል፤ ጆሮውና አፍንጫው ከውሃው ብቅ ሲል ልጆቹ ያያሉ።

ምሳ እዚያው ገበያው ውስጥ በላን። የዓሣ ሾርባው ትኩስ ነው፤ ጥብሱ ከዳጣ ጋር ይመጣል። ጥሬ ዓሣም ይሸጣል፤ እኔ ለልጆች አላበላሁም። እጅ መታጠቢያ ቢኖርም ሳሙና አላገኘሁበትም። የዓሣ አንጀት ሲወረውሩ የዋሉ ልጆች ናቸውና ሳሙናና ውሃ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።