«የዕድሜ ልክ አንቲቫይረስ» እያሉ የሚጭኑላችሁን አትግዙ

ጅማ ውስጥ ላፕቶፕ ያላችሁ ሁሉ፣ በተለይ በኢሜይል የምትነግዱ፦ በአንዳንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች «የዕድሜ ልክ አንቲቫይረስ» እየተባለ የሚጫነው ነገር ብራችሁን ከመብላቱም በላይ ማሽናችሁን ያለ ጠባቂ ያስቀረዋል። ጥቂት መቶ ብር ይቀበላሉ፣ ከፍላሽ ይጭናሉ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይወጣል፣ አለቀ። በሐቅ የሚሠሩ ቤቶች ሞልተዋል፤ ይህ እነሱን አይነካም።

አንቲቫይረስ አንዴ ተጭኖ የሚረሳ ዕቃ አይደለም። ጥቅሙ ያለው በየቀኑ በሚመጣው አፕዴት ላይ ነው፤ አምራቾቹም ፈቃዱን በአብዛኛው በዓመት የሚሸጡት ለዚህ ነው። «የዕድሜ ልክ» ከተባላችሁ በአብዛኛው ክራክ የተደረገ (የፈቃድ መቆለፊያው የተሰበረ) ነው፣ ወይም አንድ የፈቃድ ቁልፍ ለብዙ ሰው ተቸብችቧል፣ ወይም የ30 ቀን መሞከሪያው ባለቀ ቁጥር እንደ አዲስ እንዲጀምር ተደርጓል። በጋራ የተሸጠውን ቁልፍ አምራቹ የነቃ ቀን ይዘጋዋል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ክራኩ ነው።

ዊንዶውስ 10 እና 11 ዲፌንደር የሚባል የራሳቸው አንቲቫይረስ አላቸው። ነፃ ነው፣ በአግባቡ ከያዙት ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ክራክ ያለበት ፍላሽ ሲሰካ ብዙ ጊዜ ፋይሉን የሚይዘው እሱ ነው። ስለዚህ ጫኚው መጀመሪያ ቴምፐር ፕሮቴክሽንን (የዲፌንደር ሴቲንግ እንዳይነካ የሚጠብቀውን)፣ ቀጥሎ ሪል ታይም ፕሮቴክሽንን (ፋይል ሲከፈት ወዲያው የሚፈትሸውን) ያጠፋል። ከዚያ ክራኩ ያለበትን ፎልደር፣ ሲቸኩል ደግሞ ሲ ድራይቭን በሞላ፣ ኤክስክሉዥንስ ወደሚባለው የማይፈተሹ ነገሮች ዝርዝር ያስገባል። በመጨረሻም ሌብነቱ እንዳይታወቅ አንቲቫይረሱ ከአምራቹ ጋር የሚገናኝበትን መስመር፣ ብዙ ጊዜ ሆስትስ በተባለው ፋይል በኩል፣ ይዘጋዋል። አፕዴቱም አብሮ ይዘጋል። ምልክቱ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀጥላል፤ የሚያውቃቸው ቫይረሶች ግን በተጫነበት ቀን ላይ ቆመዋል።

በኢሜይል የሚመጣው ቫይረስ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ለቡና ነጋዴ የሚደርሰው ደብዳቤ «የተስተካከለው ኮንትራት ተያይዟል» ወይም «የክፍያ ማረጋገጫ» የሚል፣ አነጋገሩ የተቃና ነው። የተያያዘው ፋይል ዚፕ ነው፣ ፓስወርዱም እዚያው ደብዳቤ ላይ ተጽፏል። ቁልፉን ከሳጥኑ ጋር የላከ ሰው ምስጢር እየጠበቀላችሁ አይደለም፤ ፓስወርዱ የገባው የኢሜይሉ ፈታሽ ዚፑ ውስጥ ያለውን እንዳያይ ነው። ስትከፍቱት የፒዲኤፍ ምስል ያለበት ፋይል ታያላችሁ። ዊንዶውስ የፋይሉን የመጨረሻ ፊደላት ስለሚደብቅ እናንተ «ኮንትራት.ፒዲኤፍ» ብላችሁ ታነባላችሁ፣ ሙሉ ስሙ ግን «ኮንትራት.ፒዲኤፍ.ኢኤክስኢ» ነው፤ ማለትም የሚነበብ ወረቀት ሳይሆን የሚነሳ ፕሮግራም። ማታለያው አሮጌ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» ቫይረስም የጽሑፍ ፋይል መስሎ ነው የተከፈተው። ዛሬውኑ ፋይል ኤክስፕሎረርን ክፈቱና ቪው፣ ሾው፣ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ምልክት አድርጉበት። በዊንዶውስ 10 ቪው ላይ በቀጥታ ታገኙታላችሁ።

የዎርድ ወይም የኤክሴል ፋይል ከሆነ ደግሞ ከላይ በቢጫ «ኢኔብል ኮንቴንት» የሚል ሊመጣ ይችላል። አትጫኑት። እሱ የሚያስነሳው ማክሮን፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ የተደበቀ ትንሽ ፕሮግራምን ነው፤ ኮንትራት ለማንበብ ማክሮ አያስፈልግም።

ፋይሉ ከተከፈተ በኋላ ብዙ ጊዜ ምንም አይታይም፤ ሰውም «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ይዘጋዋል። በዚያች ቅጽበት ብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጡት ፓስወርዶች ተወስደዋል። ሌባው ኢሜይላችሁን ከፍቶ ዝም ብሎ ያነባል፤ ክፍያ ሲደርስ ለገዢው በእናንተ ስም «የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ የሂሳብ ቁጥር ለውጥ የሚናገር ኢሜይል ሲመጣም ሆነ ስትልኩ፣ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በምታውቁት ቁጥር ደውላችሁ አረጋግጡ።

የተጫነላችሁን ለማጣራት ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቱ፣ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ግቡ፣ ማኔጅ ሴቲንግስ የሚለውን ተጭናችሁ እስከ ታች ውረዱ። ኤክስክሉዥንስ ውስጥ እናንተ ያላስገባችሁት ነገር ካለ፣ በተለይ ሲ ድራይቭ ከሆነ፣ ጉዳዩ ግልጽ ነው። በሌላ በኩል የተገዛውን አንቲቫይረስ ከፍታችሁ የመጨረሻ አፕዴቱን ቀን እዩ። ኢንተርኔት እያላችሁ ሳምንት ካለፈው ሞቷል።

ይህን ካገኛችሁ ወይም አጠራጣሪ ፋይል ከከፈታችሁ፣ መጀመሪያ የምታጸዱት ኮምፒውተሩን አይደለም። ከኢንተርኔት ነቅላችሁ ተዉትና በስልካችሁ የኢሜይሉን ፓስወርድ ቀይሩ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ፣ ሌሎች መሣሪያዎችን ሁሉ አስወጡ። በዚያው ማሽን ላይ አዲስ ፓስወርድ ብትጽፉ ቫይረሱ እሱንም ይወስደዋል። ከዚያ በንጹሕ ኮምፒውተር ጂሜይል ሴቲንግስ ገብታችሁ ፎርዋርዲንግ እና ፊልተርስ የሚሉትን ተመልከቱ። ሌባ ደብዳቤያችሁ በድብቅ ለእሱ እንዲተላለፍ እዚያ ያዘዋል፤ ፓስወርድ መቀየር ብቻውን ይህን አያስቆምም።

ቀጥሎ ክራክ የተደረገውን አንቲቫይረስ አንኢንስቶል አድርጉ፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ፣ ኤክስክሉዥኖቹን ሰርዙ፣ ሪል ታይም እና ቴምፐር ፕሮቴክሽንን መልሱ። ኢንተርኔቱን አገናኝታችሁ አፕዴት አድርጉ። ከስካን ኦፕሽንስ የዲፌንደር ኦፍላይን ስካንን ምረጡ፤ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳና 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል፣ ስለዚህ የተከፈተ ሥራ አስቀምጡ፣ መብራት ይጠፋል ብላችሁ ከሰጋችሁም ባትሪው ሙሉ ይሁን። ዲፌንደር አልበራም ካለ ወይም ማሽኑ የድርጅት ሂሳብ የሚሠራበት ከሆነ ፎርማት ይሻላል።

ዊንዶውስ 10 የምትጠቀሙ፣ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽናችሁ 11ን ከቻለ ቀይሩ።

ፎርማት ስታስደርጉ ሰነድና ፎቶ ብቻ ገልብጡ፤ ፕሮግራምና ዚፕ አትውሰዱ። ዊንዶውሱም ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በወረደ ፋይል ይጫን፤ ያው ጫኚ በያው ፍላሽ ፎርማት ካደረገላችሁ ያው ክራክ ተመልሶ ይገባል። ሥራው ሲያልቅ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ኤክስክሉዥንስን አስከፍቱት፣ ባዶ መሆኑንም በዓይናችሁ እዩ።