ለአንድ የእንቁጣጣሽ መጽሐፍ

ዲያስፖራ አገር ቤት ደርሶ ሲመለስ የሚጽፈው ስለ ሆቴል፣ ስለ ክትፎ ቤትና ስለ ሲም ካርድ ነው። ስለ ክትፎው እኔም ብዙ የምለው ነበረኝ። ዘንድሮ ግን ከጳጉሜን እስከ መስቀል አዲስ አበባ የቆየሁባቸውን ሦስት ሳምንታት የጨረስኩት ከአንዱ ቤተ መጻሕፍት ወደ ሌላው ስዞር ነው። ጥፋቱ የልጄ ነው።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኛ ሰፈር ያለው ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር መግቢያው ላይ የበዓል ጠረጴዛ ያወጣል። የሃሎዊኑም የታንክስጊቪንጉም መጽሐፍ እዚያ ላይ ይደረደራል። አምና ልጄ የልጆች ክፍል ሠራተኛዋን «የእኛ አዲስ ዓመትስ የት አለ?» ብሎ ያዛት። እሷም ሳቀችና «አገርህ ስትሄድ አንድ መጽሐፍ አምጣልን፣ እናስቀምጠዋለን» አለችው። በቃ፣ አለቀ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እንደዚህ ያለ ነገር አይረሳም። ቦሌ ስናርፍ ከአያቱ ቀጥሎ የጠየቀው መጽሐፉን ነው።

በጳጉሜን 2 እናቴ ሰፈር ወዳለችው ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው። በሩ ላይ የሥራ ሰዓት ተለጥፏል። በሰዓቱ ደርሰናል፤ በሩ ግን ዝግ ነው። ጥበቃው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ «እህቴ፣ ቁልፍ የያዘው ሰው በግ ሊገዛ ወጥቷል፤ ነገ ኑ» አለኝ። ምን ይባላል? የበዓል በግ ቀልድ አይደለም።

በማግስቱ ተከፍቶ አገኘነው። ቦርሳችንን በር ላይ ትተን፣ መታወቂያ አሳይተን፣ መዝገብ ላይ ፈርመን ገባን። አንድ ክፍል ናት። ጠረጴዛዎቹ ሞልተዋል፤ ያውም ትምህርት ሳይከፈት። አብዛኛው ሰው ግን የሚያነበው የቤቱን መጽሐፍ አይደለም። የራሱን ደብተር፣ የራሱን ሞጁል፣ ከጓደኛው የተዋሰውን ፎቶ ኮፒ ዘርግቷል። የልጆቹ መደርደሪያ ጥግ ላይ ናት፤ ልጄ ሮጦ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ አንድ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር እስካሁን አልረሳሁትም። ሽፋኑ ላይ ጥርሱን ያገጠጠ የሃሎዊን ዱባ! ገለጥነው። ውስጡ ከአንድ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት በእርዳታ መምጣቱን የሚያሳይ ማኅተም አለ፤ በላዩ ላይ «ከአገልግሎት የወጣ» የሚል በእንግሊዝኛ ተመትቶበታል። መደርደሪያው ላይ ከነበሩት የልጆች መጻሕፍት አብዛኞቹ እንደዚያው ነበሩ። የበረዶ ሰው፣ ሳንታ፣ ሬንዲር። አደይ አበባ አንድም ቦታ የለም።

ሠራተኛዋን ጠየቅናት። «የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ነበረን፤ ተነቦ ተነቦ ተበጣጠሰ» አለች። ይኼ መልስ ግማሹ ያሳዝናል፣ ግማሹ ደስ ይላል።

ወጥተን መንገድ ላይ ሳለን ዝናብ ጣለ። ቀኑ ጳጉሜን 3 ነው፣ ሩፋኤል። የሰፈሩ ልጆች እየተንጫጩ ወጡ፤ ልብሳቸውን ያወለቁም ነበሩ። «ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያሉ ይዘላሉ። የዛሬ ዝናብ ጠበል ነው፣ የተጠመቀበት ያድጋል አልኩት። ጃኬቱን አውልቆ እጄ ላይ ጣለና ገባ። እኔ በረንዳ ስር ቆሜ ጃኬት ታቅፌ ቀረሁ። ለሃያ ደቂቃ መጽሐፉ ተረሳ።

ከበዓሉ በኋላ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄድን። አራት ኪሎ፣ ከፓርላማው ፊት ለፊት ነው። ከተከፈተ በታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ስለሱ ሲወራ ሰምቻለሁ፤ ስገባበት ግን የመጀመሪያዬ ነው። ወደ 19,000 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ያረፈ ሲሆን በአንድ ጊዜ ከ2,000 በላይ አንባቢ ያስተናግዳል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ሲያዩት ቁጥር ነው። ገብተው የተማሪውን ብዛት ሲያዩ ነው የሚገባዎት። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ የሚሰማው የገጽ መገለጥና አልፎ አልፎ ሳል ብቻ ነው። ስሙ ከግእዝ ነው፤ ማብራት፣ ብርሃን መስጠት ማለት ነው። ለአንድ ጊዜ እንኳ ስምና ግብር የተገናኙበት ቤት አየሁ፤ መስኮቱ ትልልቅ ስለሆነ ቀን ቀን አምፖል የሚያስፈልገው አይመስልም።

ለሚሄድ ሰው የምመክረው ማልዶ መሄድ ነው። እኛ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አካባቢ ደርሰን ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ለማግኘት ዞረናል። ፍተሻ አለ፤ ትልቅ ቦርሳ አይያዙ። መግባት በነጻ ነው። ከልጅ ጋር ከሆኑ ቀጥታ የልጆቹን ክፍል ይጠይቁ።

እዚያ ልጄ ስለ አሥራ ሦስቱ ወራት የሚተርክ የአማርኛ መጽሐፍ አገኘ። ፊደል ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ቀስ እያለ ነው የሚያነበው። «ጳ... ጉ... ሜ...» እያለ በጣቱ ሲከተል አጠገቡ የተቀመጠች ትንሽ ልጅ ታዝባው ታዝባው አላስቻላትም። «ጳጉሜን በል!» አለችው በሹክሹክታ። ከዚያ ወዲያ እሷ መምህር ሆነች። እኔ ስልኬን አውጥቼ ተቀመጥኩ። ለመዋስ አልጠየቅኩም። ለሦስት ሳምንት የመጣ ሰው ምን ብሎ ይዋሳል? ደግሞ አደራው ይዞ መሄድ ነው።

የቀረው ወመዘክር ነው። እዚያ የሄድኩት ለመጽሐፉ ሳይሆን ለአጎቴ ስል ነው፤ «ካላየሽው አዲስ አበባ መጣሁ አትበይ» ብሎኝ። ቤቱ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመ የአገር ቤተ መጻሕፍት ነው። መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ቅጂ የሚያስገባው፣ መጽሐፉ ጀርባ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር የሚያወጣውም እዚያ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም የማስታወሻ መዝገብ ላይ ካሰፈራቸው፣ በዚህ ቤት ስም ከተመዘገቡት የኢትዮጵያ 12 የጽሑፍ ቅርሶች መካከል አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ይገኝበታል። ይኼን ሁሉ ለልጄ ስተርክለት ያዳመጠኝ ስለ ቴዎድሮስ ስናገር ብቻ ነበር።

አጎቴ ግን ስለ ቅርሱ አንድም ነገር አላለም። እሱ የሚያስታውሰው ለማትሪክ ሲያጠና የሚቀመጥበትን ወንበር ነው። «እዚህ የምንመጣው ለመጽሐፉ ብቻ መሰለሽ?» አለኝ። «ቤት ውስጥ ስምንት ነን። አንድ አምፖል፣ አንድ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሽንኩርት ይከተፋል። እዚህ ለመብራቱም ነበር የምንመጣው።»

እኔ ሰፈሯ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የራሱን ደብተር የዘረጋውን ተማሪ ሁሉ ሳይ ትንሽ ተበሳጭቼ ነበር። መጽሐፉን የማይነካ ከሆነ ምን ይሠራል ብዬ። አሜሪካ ስኖር ቤተ መጻሕፍት ማለት መጽሐፍ በከረጢት ሞልተህ ቤትህ የምትሄድበት ቦታ ሆኖብኛል። እዚህ ቤቱ ራሱ ነው የሚዋሱት። ወንበሩን፣ ዝምታውን፣ መብራቱን። ከዚህ በኋላ ኮከብ ልስጥ ካልኩ በመጽሐፍ ብዛት አልሰጥም፤ ወንበር ሞልቷል ወይ ብዬ ነው። በዚያ ሂሳብ በግ ሊገዛ የሄደውም ሰውዬ ቤት ጥሩ ኮከብ ያገኛል። የሥራ ሰዓቱን ወረቀት ግን ይንቀሉት።

መጽሐፉ በመጨረሻ የተገኘው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው፤ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ። ሻጩ የሚፈልገውን ለማግኘት ካታሎግ አያስፈልገውም። «የልጆች፣ ስለ እንቁጣጣሽ» ስለው ከክምሩ መሃል እጁን ሰደደና ሳያይ ጎትቶ አወጣው። ጠርዙ ትንሽ ተበልቷል፤ ውስጡ ንጹሕ ነው። አደይ አለ፣ ችቦ አለ፣ ሥዕል ይዘው በር ለበር የሚዞሩ ወንዶች ልጆች አሉ። 300 ብር አለኝ። አነጋገሬ ይሁን ጫማዬ እንጃ፣ ዲያስፖራ መሆኔ ታውቆብኛል። 200 አልኩት። «ሁለት ከወሰድሽ በ400» አለ፤ ሁለተኛ ቅጂ ነበረው። ልጄ እጄን ጎተተኝ። «ሁለቱንም» አለ። አንዱ ለምን እንደሆነ የነገረኝ ታክሲ ውስጥ ነው።

በመስቀል ማግስት፣ ሻንጣ ከመዝጋታችን በፊት፣ ወደ ሰፈሯ ቤተ መጻሕፍት ተመለስን። ሁለተኛውን ቅጂና ከመጽሐፍ ሻጩ ጨምረን የገዛናቸውን አሥር የአማርኛ መጻሕፍት ይዘናል። ሠራተኛዋ ደስ አላት፤ መቀበል ግን አልቻለችም። የስጦታ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ገቢ ይደረጋል፤ ለዚያ ደግሞ ኃላፊው ይፈርማል፤ ኃላፊው ከበዓሉ አልተመለሰም። እኛ የምንበረው ዛሬ ማታ ነው። ልጄ የሃሎዊኑን ዱባ አውጥተን በምትኩ እናስቀምጠው ብሎ ሐሳብ አቀረበ። «ማሙሽ፣ እሱ ንብረት ነው፤ ተመዝግቧል» አለችው በትሕትና።

ነገሩን በር ላይ ሆኖ ሲሰማ የነበረው ጥበቃው ተነሳ። ከጠረጴዛው ስር ካርቶን አወጣ፤ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ቆጥሮ ከተተ። «ኃላፊው ሲመጣ እኔ አስረክባለሁ» አለ። ከዚያ ከደብተሩ አንድ ቅጠል ገነጠለ፤ «11 መጻሕፍት ተረክቤአለሁ» ብሎ ጻፈ፤ ቀን ጨመረ፤ ፈረመ። ወረቀቱን ለእኔ አልሰጠኝም፤ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ለልጄ ሰጠው። አሁን ፓስፖርቱ ውስጥ ነው፣ ከቪዛው ገጽ ጎን።