የቆየ የሲሚንቶ ዞኮሎ በወጥ ቤት እድሳት፦ ይተው፣ ይፍረስ ወይስ ይሸፈን?

ወለላቸው ሊሾ በሆነ የአዳማ የቆዩ ቤቶች ውስጥ ግድግዳው ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከልስኑ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይዞ ክፍሉን የሚዞር የሲሚንቶ ዞኮሎ ማየት የተለመደ ነው። ባለቤቱ ወጥ ቤቱን አድሶ ኪችን ካቢኔት ለማስገባት ሲነሣ አናጺው አብዛኛውን ጊዜ ይፍረስ ይላል፤ ድካሙ የግንበኛው ነውና። ይሁን እንጂ ዋጋ ከመነጋገር በፊት የዞኮሎውን ከፍታና ውፍረት በሜትር መለካት፣ ከዚያም የሚታዘዘው ካቢኔት በምን ላይ እንደሚቆም መጠየቅ ይገባል።

ካቢኔቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር በሚስተካከል የፕላስቲክ እግር ላይ የሚቆም ከሆነ የሣጥኑ ታች ከዞኮሎው በላይ ስለሚያልፍ ጀርባው ያለ አንዳች ችግር ከግድግዳው ጋር ይገጥማል፤ የኋላ እግሮቹ ጥቂት ወደ ፊት ገብተው ከተገጠሙ፣ ዞኮሎው ከፊት በሚታሰረው መሸፈኛ ጣውላ ተጋርዶ ይቀራል። በእንዲህ ያለው ቦታ ማፍረስ በከንቱ ገንዘብ ማውጣት ነው። በሊሾው ላይ ሴራሚክ የሚነጠፍ ከሆነ ደግሞ ሴራሚኩና ማጣበቂያው ሲሚንቶ ተደምረው ወለሉን 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሊያደርጉት ስለሚችሉ፣ ልኬቱ መወሰድ ያለበት ከአዲሱ ወለል ነው።

ጎኑ እስከ መሬት የሚወርድ ካቢኔት ከታዘዘ ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ የጎኑ ጣውላ የታችኛው የኋላ ማዕዘን በዞኮሎው ልክ ካልተቆረጠ፣ ካቢኔቱ በሙሉ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይገፋል፤ ከላይ የሚጫነው ግራናይት አስቀድሞ በ60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ተቆርጦ ከሆነም ከግድግዳው ጋር ሳይደርስ ይቀርና የዕቃ ማጠቢያው ውኃ በክፍተቱ ወደ ኋላ ይወርዳል። ስለዚህ ግራናይቱን ካቢኔቱ ቆሞ ከተለካ በኋላ ማዘዝ ይሻላል። ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ የተባለው፣ ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ ሲቆረጥ የሚጋለጠው ጠርዝ ውኃ ስለሚጠጣ፣ ከመገጠሙ በፊት በቀለም ወይም በሲልኮን መደፈን አለበት።

ማፍረስ የሚመረጠው ዞኮሎው በመዶሻ እጀታ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ፣ የተሰነጣጠቀ ወይም ከሥሩ እርጥበት የሚያሳይ ሲሆን ነው። ፍሪጅና ምድጃ ከግድግዳው ጋር ተጠግተው እንዲቆሙ በሚፈለግበት ቦታም እንዲሁ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሴራሚክ የሚለብስ ከሆነም ማፍረሱ ግድ ይላል፤ አለዚያ ሴራሚኩ በዞኮሎው ላይ ደረጃ ሠርቶ ይቀራል። ሥራው ግን እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። ግድግዳው ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር በተሠራ ብሎኬት የተገነባ ከሆነ፣ በትልቅ መዶሻ የሚመታ ሠራተኛ ዞኮሎውን ብቻ ሳይሆን የብሎኬቱን ስስ ፊት ጭምር ይዞት ይወርዳል። በመጀመሪያ በዞኮሎው የላይኛው ጠርዝ ላይ በግራይንደር መስመር አስቆርጦ፣ ከዚያ በመሮና በትንሽ መዶሻ ቀስ በቀስ ማስነሣት ልስኑን ያተርፋል። ከመቆረጡ አስቀድሞ የኤሌክትሪክና የውኃ መስመር በየት እንደሚያልፍ ማወቅ፣ ኤሌክትሪኩንም ከቆጣሪው ማጥፋትና ለግራይንደሩ ከሌላ ቆጣሪ ኃይል መሳብ ያስፈልጋል።

ሲሚንቶ ሲቆረጥ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ሲሊካ ስላለው ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል፤ ስለዚህ ተራ የጨርቅ ማስክ አይበቃም፣ ኤን95 ወይም ተመጣጣኙ ያስፈልጋል። የአዳማ ነፋስ ለኃይል ማመንጫ የጠቀመውን ያህል ለቤት እመቤት አይጠቅምም፤ የሳሎኑን በር ዘግቶ በፕላስቲክ መሸፈን የማይታለፍ ነው። የፈረሰው ቦታ በአንድ እጅ ሲሚንቶና በሦስት ወይም በአራት እጅ አሸዋ ከተለሰነ በኋላም በከተማው ሙቀት ቶሎ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ለጥቂት ቀናት ውኃ መጠጣት አለበት። ግንበኛው የሚጠራው ዋጋ ልስኑንና ፍርስራሽ ማንሣቱን ማካተቱንም መጠየቅ ይገባል።

መሸፈን በመጀመሪያ እይታ ርካሽ ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን ለወጥ ቤት ከሦስቱ ደካማው ነው። ቀለም ወይም የዘይት ቅባት ባለበት ዞኮሎ ላይ ሴራሚክ ቢለጠፍ ፊቱ በመሮ ካልተቦረቦረ አይዝም፤ ቢይዝም ጠቅላላ ውፍረቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር አልፎ፣ ዱቄትና ቅባት የሚጠራቀምበት ሰፊ ጠርዝ ከላይ ይፈጥራል። ኤምዲኤፍ መሸፈኛ ወለል በተወለወለ ቁጥር ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ፕላስቲኩ ውኃ ቢችልም ከምድጃ አጠገብ ሙቀት ያጣምመዋል፤ በመመገቢያው በኩል ካለ ባዶ ግድግዳ ላይ ግን አያሳፍርም።

ለተለመደው ወጥ ቤት የምመርጠው ከካቢኔቱ ጀርባ ያለውን ትቶ የፍሪጁንና የምድጃውን ቦታ ብቻ ማፍረስ ነው። እንዲህ ሲሆን የተቆረጠው ጫፍ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ መታሰብ አለበት፦ የካቢኔቱን ጎን መስመር በወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሮ፣ ቆረጣውን ከዚያ መስመር 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ካቢኔቱ ውስጥ ገባ ማድረግ ጫፉን ከዓይን ይሰውረዋል።