ወደ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሥርዓት) ሲገቡ፦ ሰው መጠየቅ ወይስ መመሪያ ማንበብ?

ወጪ፦ ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። መመሪያ የእርስዎን ጊዜ ይበላል፣ ሰው ደግሞ የራሱን ይሰጥዎታል።

ቅለት፦ ዋይፋይ እምቢ ሲል የሚያውቅ ሰው ይሻላል። ግን «አልሠራም» ብቻ ብለው አይጠይቁ፤ የኡቡንቱውን (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት ነው) ስሪት (ለምሳሌ 22.04 ነው 24.04?)፣ የዋይፋይ ካርዱን ዓይነትና የስህተት መልእክቱን ቃል በቃል ይዘው ይቅረቡ። አለዚያ ግማሹ ሰዓት በመጠያየቅ ያልቃል።

ስጋት፦ እዚህ ላይ መመሪያው ይበልጣል። በ«ሱዶ» (sudo) የሚጀምር ትእዛዝ ሙሉ ሥልጣን ይዞ ስለሚሠራ፣ ማንም ይስጥዎት ማን፣ ሳይገባዎት አይለጥፉ። ተርሚናሉ (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ «man» ብለው፣ ክፍተት ትተው የትእዛዙን ስም ቢያስከትሉ ማብራሪያው ይመጣል። ደረቅ ነው፣ ለጀማሪም የተጻፈ አይመስልም፤ ግን ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል።

ኮምፒውተሩ ጭራሽ ካልተነሳ ሰው ይፈልጉ። ትእዛዝ ለመልመድ ከሆነ መመሪያው ይበቃል።